መረቡን መጀመሪያ የሚይዝ

በዚያ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ከወለሉ ይነሣና ቀስ እያለ እስከ ሰው ወገብ ይሞላል። ያን ጊዜ እግር አይታይም፤ ጎማ አይታይም፤ ነጫጭ ጨርቅ የተከመረባቸው ጋሪዎች ብቻቸውን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እናትየዋ እዚያ ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እንፋሎቱን ግን አልለመደችውም። ባየችው ቁጥር ተወልዳ ያደገችበት ሐይቅ ድቅን ይልባታል፤ ጎሕ ሲቀድ ከጉሙ ውስጥ አፍንጫቸውን ብቅ የሚያደርጉ ጀልባዎች፣ የአባቷ ሳል፣ ውሃ የጠጣ መረብ ሽታ። ጋሪ ስትገፋ የምትቀዝፍ ይመስላታል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ስንት ዓሣ ያዝሽ?» ትላታለች ሬዲዮ።

ሬዲዮ ጨርቅ አጣፊዋ ናት። ስሙን ያወጡላት ከጠዋት እስከ ማታ ባትሪ ሳትቀይር ስለምታወራ ነው።

«ኧረ ገና መረቤንም አልጣልኩ» ትላለች እናትየዋ። ሁለቱም ይስቃሉ።

ቤቱ የሚያጥበው የሆስፒታል ጨርቅ ነው። ለቀዶ ጥገና የሚሆነው ታጥቦና ታጥፎ በሰማያዊ ጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ ጥቅሎቹ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በጋሪ ወደ «ሆዱ» ይሄዳሉ። ሆዱ የሚሉት አንድ ክፍል የሚያክለውን፣ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለውን የብረት ምድጃ ነው። የሚያጎርሰውና የሚያስተፋው ሰውዬ ባለሆዱ ይባላል፤ እሱ ራሱ ግን ከመጥረጊያ እንጨት የቀጠነ ነው። ጥቅሎቹ ከሆዱ ወጥተው ሲበርዱ እናትየዋ ትረከባለች። በያንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ክር ታስርና ወደ ማከማቻው ትወስዳቸዋለች። አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጥቅል በሰው ቁስል ላይ ያለ ሥጋት ይዘረጋል ማለት ነው። እናትየዋ ይህን ስለምታውቅ ክሩን ስታስር ሁልጊዜ በልቧ «ያሽርህ» ትላለች፤ ለማታውቀው ሰው።

የቤቱ አለቃ የገዛ ልጇ ናት።

ልጅቷ አለቃ ከሆነች አራት ወሯ ነው። የመጀመሪያ ቀን እናትየዋ ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ደስታው ወደ ጭንቀት ዞረ። ልጅቷ ቁርሷን ቆማ መብላት ጀመረች፤ ጉንጯ ገባ፤ ሳቋ ጠፋ። ሥራ ቦታ ላይ፣ አድልዎ እንዳይመስልባት፣ እናቷን «እርስዎ» ትላለች። ቤት ውስጥ «እማዬ፣ ጨው አቀብይኝ» ያለች ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እርስዎ፣ ጋሪው መንገድ ዘግቷል» ስትላት እናትየዋን አንጀቷን ቆረጥ ያደርጋታል። በመግቢያው በር ላይ ደግሞ ዋናው ሥራ አስኪያጅ አዝዞ ልጅቷ የጻፈችው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ጥፋት ያጠፋ ሠራተኛ ይሰናበታል።» እናትየዋ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ያለ ረዳት አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። ደስ ብሏት ደግማ አነበበችው። ትርጉሙ የገባት በሦስተኛው ነው።

እንግዲህ ትናንት የሆነው እንዲህ ነው። ረፋዱ ላይ ባለሆዱ አንዱን ጋሪ ወደ ምድጃው አፍ እያዞረ ሳለ ልጅቷ በቢሮዋ መስታወት በኩል በእጇ ጠራችው። ጋሪውን እንደቆመ ትቶ ሄደ። እናትየዋ ከእንፋሎቱ ውስጥ ስትወጣ ጋሪው የበረዱት ወደሚቆሙበት ዞሮ አገኘችውና ከሆዱ የወጣ መሰላት። እንደ ልማዷ መዳፏን ከላይኛው ጥቅል ላይ አሳረፈች። ከሆዱ የወጣ ጥቅል ቢበርድ ቢበርድ፣ እንደተኛ ሕፃን ጀርባ፣ ትንሽ ሙቀት አያጣም። ይህኛው ግን እንደ ጠዋት ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። «ቆይቶ ይሆናል» አለች። ወዲያው የልጇ ድምፅ ከቢሮ ሲቆጣ ሰማች። ልቧ ወደ ድምፁ ሄደ። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ አትናገሪ፤ ሰው ይጠላሻል» እያለ ሄደ። እጇ ግን እዚያው ቀርቶ ክሩን አሰረ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ።

በየጥቅሉ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትደረጋለች፤ እንፋሎት ሲያገኛት ትጠቁራለች። ጨርቁ ካልተገለጠ አትታይም፤ አንዴ የተገለጠ ጥቅል ደግሞ እንደገና ሆዱ ካልገባ አይሠራበትም። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ ጥቅል ብትከፍት ወረቀቷ እንደ ወተት ነጭ ሆና ቁጭ ብላለች። «አረንጓዴ ክር አለው እኮ!» አለች ነርሷ በስልክ። «ያውም ክሩ አልፈታ ብሎኝ በመቀስ ነው የቆረጥኩት!»

ትናንት የተላከው ስድሳ ጥቅል ነው፤ አምስት ጋሪ። የሆስፒታሉ ማከማቻ ውስጥ ተደባልቋል። ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሆዱን ያልቀመሱት የትኞቹ እንደሆኑ ካልታወቀ ስድሳውም ይመለሳል። ቁርስ ሳይበሉ ለቀዶ ጥገና ተራ የሚጠብቁ ዘጠኝ በሽተኞችም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቀጥሎ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ ብታርቀውም ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ስም ስጪኝ! የማን ጥፋት ነው? እስከ አምስት ሰዓት ካላወቅሽ ያንን የምድጃ ሰውዬ አሰናብቺው። ከዚያ ስላንቺ እናወራለን።»

ልጅቷ ሠራተኛውን አንድ በአንድ ወደ ቢሮ አስገባች። የገባ ሁሉ «እኔ አላየሁም» ብሎ ወጣ። ባለሆዱ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። የአራት ልጆች አባት ነው።

«እማማ፣ ይጸልዩልኝ» አላት በአጠገቧ ሲያልፍ።

ተራዋ ደረሰ። ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም። «እርስዎ ያዩት ነገር አለ?»

እናትየዋ አፏን ከፈተች። ያ ቀዝቃዛ ጥቅል መዳፏ ላይ ገና አለ። ብትናገር በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ አለ፤ የጻፈችው ልጇ ናት፤ እናቷን በገዛ እጇ ፈርማ ልታሰናብት ነው። ባታሰናብት ደግሞ «ለእናቷ አደላች» ይሏታል። ምን ይዋጣት?

«የለም» አለች።

ከቢሮው ወጣች። ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ለዚያ ላልታየው ሰው፣ ለዚያ «ያሽርህ» ላለችው፣ ዋሸች።

አራት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ ወጣች። እናትየዋ አወቀችው። ልጅቷ ባለፈው ወር ሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ሄዳ ያመጣችው ነው፦ «ከጥንት ሕዝቦች ልማድ ለዘመኑ የሥራ መሪዎች»። ቤት ጠረጴዛ ላይ ትታው ስትሄድ እናትየዋ በጣቷ እየተከተለች ታነበው ነበር፤ አንድ ገጽ በአንድ ሳምንት። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች። «የሐይቅ ዳር ሕዝቦች ጥፋት ሲደርስ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የተቀደደው መረብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እያንዳንዱ ያጠፋውን ይናገራል። መሪው ያዳምጣል።» አባቷ መጽሐፍ ገባ! ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። የሆነ ነገር ጎሎታል። አንድ ነገር ቀርቷል። ግን ፊደል በስንት ልፋት የቆጠረ ሰው መጽሐፍ ተሳሳተ ለማለት ድፍረቱን ከየት ያመጣል? «የረሳሁት እኔ ነኝ» ብላ ዘግታው ነበር።

«ክብ ሥሩ» አለች ልጅቷ።

የሳሙና ባልዲዎቹን ገልብጠው ተቀመጡ፤ ሰባት ሰው። እንፋሎቱ ጉልበታቸው ላይ ተኝቷል።

«ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አለች ሬዲዮ። የሳቀላት የለም።

ልጅቷ ከመጽሐፉ አነበበች። ከዚያ ማስታወሻዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ከፈተች። «እሺ፤ በነፃነት ተናገሩ። ማን ይጀምራል?»

ሁሉም እስክሪብቶውን አየ።

«እኔ እንኳ» አለች ሬዲዮ፤ «ዛሬ ባትሪዬ አልቋል።»

ሆዱ ከጀርባቸው ይተነፍሳል። ልብስ ተኳሿ ልጅ ጥፍሯን ትነክሳለች። ሾፌሩ ኮፍያውን ያወልቃል፤ መልሶ ያደርጋል። ባለሆዱ ወለሉን ያያል፤ ወለሉ ግን አይታይም። በእናትየዋ ዓይን ባልዲዎቹ የጀልባ አግዳሚ ሆኑ፤ ጉሙም ያው የሐይቁ ጉም ሆነ። አባቷ ከፊት ተቀምጦ መረቡን ወደ ጭኑ ሲስብ አየችው። አፉ ሲከፈት አየች። አዎ! መጀመሪያ የተከፈተው የእሱ አፍ ነበር። ሌላ ማንም አልነበረም።

«መጽሐፉ ጎሎታል» አለች።

ልጅቷ ዞረች። «ምን አሉ?»

«መጽሐፉን ነው። ጭንቅላቱን ቆርጠው ነው የጻፉት።»

«እርስዎ፣ እባክዎ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«እሱን ብዬ ነው የምነግርሽ።» እናትየዋ አላቆመችም። «አያትሽ ባለጀልባ ነበር። በእኛ ዘንድ መረብ ሲቀደድ ‹ማን ቀደደው› አይባልም፤ ነውር ነው። የሚባለው ‹እጄ የት ነበር› ነው። ሁሉም ያን ቀን እጁ የነካውን ይናገራል። ግን መረቡን መጀመሪያ የሚይዘው ባለጀልባው ነው። ይዞ የገዛ እጁን ያወራል፤ ሳያፍር። ከዚያ ነው ለጎረቤቱ የሚያቀብለው። ባለጀልባው ካልያዘው ማን ይይዘዋል? ሁሉም ቀዳዳውን ይደብቃል። አባቴ ‹የተደበቀ ቀዳዳ የልጆችህን ራት ይዞ ይሄዳል› ይል ነበር።»

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው እንዴ ስድስት ዓመት ጋሪ የገፋሽው?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

እናትየዋ ከተቀዳደዱት ክምር አንድ አሮጌ አንሶላ መዘዘች። መሐሉ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ልጇ ጭን ላይ፣ ማስታወሻው ላይ አስቀመጠችው።

«ባለጀልባዋ አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ቀላች። ተነሥታ የምትሄድ መሰለ። የግድግዳው ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። አንሶላውን አየችው፤ ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ አዞረችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ትናንት…» አለች። «ትናንት እጄ መስታወቱ ላይ ነበር። ባለሆዱን ጠራሁት። ጋሪ እየገፋ እንደነበር አይቻለሁ። ‹ጨርስና ና› ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ስንት ጋሪ እንደገባ የሚጻፍበትን ቅጽ አልሞላህም ብዬ ጮኽኩበት። ከላይ እኔም ላይ ተጮኾብኝ ነበር።» «እጄ እዚያ ነበር» አለችና አንሶላውን አቀበለችው።

ባለሆዱ እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈው። «እኔ ስመለስ ጋሪው ቦታው ላይ የለም። አስገብቼዋለሁ? አላስገባሁትም? ጭንቅላቴ ግሎ ነበር። ልጠይቅ አሰብኩና በሩ ላይ ያለውን አየሁ። ስለዚህ ቅጹ ላይ ‹አምስት ጋሪ› ብዬ ሞላሁ። እጄ እዚያ ነበር። አለቃ፣ ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነው ያደርኩት።»

አንሶላው እናትየዋ እጅ ደረሰ። አሁን አልከበዳትም። መረብ ነው፤ ታውቀዋለች።

«ጋሪውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጥቅሉን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። እጄ ነግሮኛል፤ አልሰማሁትም። ልቤ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ልጄ ጋ። ክሩን አሰርኩ።» ጣቶቿ በአንሶላው ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሱ ጀመር፤ ጫፉ በሌባ ጣቷ ዞረ፣ ከሥር ሾለከ፣ ተመልሶ በራሱ ላይ ተጠመጠመ፣ ተሳበ። ቁልቁል አየችው። «ውይ!»

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

ሬዲዮ ከባልዲዋ ዘላ ተነሣች። «እሱ ነው! እሱን ነው ያየሁት! ትናንት ክሩን ስታስሪ በአጠገብሽ አልፌ ‹እትዬ ዛሬ ደግሞ ጥቅሉን እንደ ዓሣ አጥማጅ ታስረዋለች› ልል ነበር። ግን ከትናንት ወዲያ ‹ወሬ ታበዣለሽ› ተብዬ ስለነበር ዋጥኩት። አምላኬ! በዕድሜዬ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጉድ አፈላ!»

ሁሉም ሳቀ፤ ልጅቷም ጭምር።

«የመረብ ቋጠሮ ነው» አለች እናትየዋ። «ሁልጊዜ የማስረው ሲጎትቱት የሚፈታውን ነው። ልቤ ሲሄድ ግን እጄ የልጅነቱን አስሯል። አሥራ ሁለቱንም። ይህ ቋጠሮ አይፈታም፤ በመቀስ ካልሆነ።»

«በመቀስ!» አለች ልጅቷ። ወደ ስልኩ ሮጠች።

ነርሷ ማከማቻቸው ውስጥ ሆና ክሮቹን እየጎተተች ስትቆጥር በስልክ ሰሟት። ክሩ እሺ ብሎ የተፈታ አንድ ወገን፣ እምቢ ያለ አንድ ወገን። እምቢ ያሉት አሥራ አንድ ሆኑ። ጠዋት ከተቆረጠው ጋር አሥራ ሁለት። «እኔ እኮ ጥፍሬን ሰብሮብኛል!» አለች ነርሷ። የተፈቱትን ክሮች ጨርቁን ሳትገልጥ መልሳ አሰረች፤ ከዘጠኙ በሽተኞች የመጀመሪያው አምስት ሰዓት ሳይሞላ ገባ።

ሥራ አስኪያጁ በሰዓቱ ደወለ። ልጅቷ ቆማ ነው ያነጋገረችው። «ስም ነው የፈለጉት? የመጀመሪያው የእኔ ነው… አይ፣ የምድጃው ሰው አይደለም… ነገ ይምጡ፤ ክብ ሠርተን እንጠብቅዎታለን። ለእርስዎም ባልዲ አለ።» ስልኩን አስቀመጠች። ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

እናትየዋ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያየች ቆመች። «እኔስ? ደንቡ ይሰናበታል ይላል።»

«እትዬ፣ በደንቡ ከሄድንማ ዛሬ ሁላችንም ተሰናብተናል» አለች ሬዲዮ። «ማን ሊያጥብ ነው? በሩ?»

አሥራ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። በሐይቁ ልማድ የመጨረሻዋን ቋጠሮ የሚያስረው መረቡ በእጁ ላይ የተቀደደበት ሰው ነው፤ ስለዚህ እናትየዋ ሆዱ አጠገብ ባልዲዋን ገልብጣ ጠበቀች። ባለሆዱ ጎትቶ አውጥቷቸው ሲበርዱ መዳፏን አሳረፈች። እንደተኛ ሕፃን ጀርባ። ክሩን አሰረች፤ የሚፈታውን። «ያሽርህ» አለች፤ «ይቅርም በለኝ።»

ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንፋሎቱ እስከ አንገቷ ሸፈናት። መጽሐፉን አራተኛው ገጽ ላይ ከፍታ ከእርሳስ ጋር ሰጠቻት።

«ጻፊበት።»

«መጽሐፍ ላይ? ኧረ ልጄ!»

«ጎሎታል አላልሽም?»

እናትየዋ እርሳሱን ይዛ ብዙ አሰበች። ከዚያ በትልልቅ፣ ዘመም ዘመም ባሉ ፊደሎች በጠርዙ ላይ ጻፈች፦ «መጀመሪያ ባለጀልባው።» ፊደሎቹ ጉም ውስጥ እንደሚሄዱ ጀልባዎች ተከታትለው ተሰለፉ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። «አያቴ መረቡ ዞሮ ሲያበቃ ምን ይል ነበር?»

እናትየዋ አሰበች።

«ምንም» አለች። «ይቀዝፍ ነበር።»